«የጾም አለ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከእኔ ስቶር ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ የሜክሲኮ ምግብ ቤት አለ። መስታወቱ ላይ በትልልቅ የአማርኛ ፊደል «የጾም አለ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ያያችሁ ካላችሁ፣ ጽሑፉ የእኔ ነው። ይህን የምናገረው ለመመስገን አይደለም። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ እንደማታመሰግኑኝ አውቃለሁ።

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ነጠላና የስልክ ካርድ እሸጣለሁ። የተማርኩት መርካቶ ነው። የተመረቅሁበትን ቀን በደንብ አላስታውሰውም፤ ፖሊስ እያባረረኝ ስለነበር ዞር ብዬ አላየሁም። እዚያ የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር ነጋዴ የሚሸጠው ዕቃውን ሳይሆን ቃሉን መሆኑ ነው። «ይሄ በርበሬ አሸዋ የለበትም» ስል ሰው የሚገዛኝ እኔ ስላልኩ ነው። አሸዋው መኖር አለመኖሩን ቤቱ ሄዶ በጥርሱ ያረጋግጣል፤ ያን ጊዜ እኔ አጠገቡ የለሁም።

የሚስቴ እናት እማማ ዘነበች ከአዲስ አበባ የመጡት ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ለማየት ነበር። አንዷ የእኔ ሚስት ሰብለ ናት፤ ሌላዋ እህቷ አሌክሳንድሪያ ትኖራለች። በመጡ በሳምንታቸው ስቶሬ ገብተው ከጆንያው አፍ አንድ ቁንጥር በርበሬ አነሱና አሸተቱ።

«ልጄ፣ ይሄን ለሰው ትሸጣለህ?»

«አዎ እማማ።»

«ሰዎቹ ምን አደረጉህ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅመሙን የሚያዋህዱት እሳቸው ሆኑ። የእማማ አፍንጫ እንደ እኔና እንደ እናንተ ለመተንፈሻ ብቻ የተሠራ አይደለም። ኮረሪማ ስንት ክረምት መጋዘን እንደተኛ ይነግራቸዋል። አንድ ጊዜ አፉ የተሰፋ ጆንያ አጠገብ ቆም ብለው «እዚህ ውስጥ አይጥ ነበረች፤ ሄዳለች» አሉ። ጆንያውን ፈታሁት። ሄዳለች። ሦስት ወር ሳይሞላ ከሀያትስቪል፣ ከፌርፋክስ ድረስ ሴቶች እየነዱ ይመጡ ጀመር። እኔን ሰላም አይሉኝም። ገና በሩን ሳይዘጉ «እማማ አሉ?» ነው የሚሉት።

ችግሬ አሌክሳንድሪያ ነው። የሚስቴ እህት ባል ኢንጂነር ነው፤ አርሊንግተን አንድ ቢሮ ይሠራል፤ ምን እንደሚሠራ ሁለት ጊዜ አስረድቶኝ ሁለቱንም ጊዜ «ጎበዝ» ብዬዋለሁ። ቤቱ ደረጃ የለውም። የእኔ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ኤሌቬተሩ ላይ የተለጠፈው «ይጠገናል» የሚል ማስታወቂያ ራሱ አርጅቶ በአዲስ ተተክቷል። እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ኢንጂነሩ በጀልባ አንሸራሽሯቸዋል። እኔ ያሳየኋቸው መጋዘኔን ነው። ከሁሉ የከፋው ግን የከተማው ስም ነው።

«እስክንድርያማ የቅዱስ ማርቆስ አገር ናት» ይላሉ።

«እማማ፣ ያቺ ግብፅ ናት። ይቺ ቨርጂኒያ ናት።»

«ስሟን በከንቱ አላወጡላትም።»

ሲልቨር ስፕሪንግ በምን ይወዳደር?

ሁዳዴ ሲጋመስ እማማ ከየትኛዋ ልጃቸው ጋር እንደሚኖሩ በሚመጣው እሁድ እንደሚቆርጡ አሳወቁ። ኢንጂነሩ ከቅዳሴ በኋላ መኪናውን ይዞ ይመጣል፤ ሻንጣቸው ከሦስተኛ ፎቅ ይወርዳል፣ ወይም አይወርድም። ሻንጣው ከወረደ አፍንጫውም አብሮ ይሄዳል። ለእኔ የሚተርፈኝ ቀይ ዱቄት ነው።

ሐሙስ ዕለት ሰብለ ወደ ሥራ ስትወጣ ጫማዋን እያሰረች «ምናለ እማማን አንድ ቦታ ብትጋብዛቸው? ስድስት ወር ሙሉ አንተ ከጆንያ በቀር ምን አሳየሃቸው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የት ልውሰዳቸው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ሩቅ መንዳት አልወድም፤ ደግሞም በጾም ቀን ምግብ ቤት ገብቶ ቅቤ አለው፣ ወተት አለው እያሉ እንደ መርማሪ መጠየቅ ያሳፍራል። በዚህ መሀል ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ።

የግድግዳው ማዶ ባለቤት ዶኛ ኢርማ ትባላለች። «ዶኛ» እነሱ ዘንድ እንደ እኛ «እትዬ» ነው። ዋሃካ ከሚባል ክፍለ ሀገር ናት፤ የአገሯን ወጥ የሚቀምስላት ካገኘች ሌላ ደንበኛ አስጠብቃ ትቆማለች። የዛሬ አራት ዓመት በአንድ ዓርብ ገብቼ፣ ጾም ላይ መሆኔን በእጅም በእንግሊዝኛም አስረዳኋት። ፊቷ በራ። «እኛም ጾም ላይ ነን! ዓርብ ሥጋ የለም!» አለችና አማተበች። እኔም አማተብኩ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ክፉ መሆን መሰለኝ። ድቅቅ ያለ ቦሎቄ ከትኩስ የበቆሎ ቂጣ ጋር አቀረበችልኝ። በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያ የሚጣፍጥ የጾም ምግብ በልቼ አላውቅም።

ይህ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር።

አላጠራጠረኝም። እማማ መጥተው ሽሯቸውን በሳህን ይዘውልኝ መምጣት እስኪጀምሩ ድረስ ረቡዕና ዓርብ እዚያ ነበርኩ። ከምስጋና ብዛት ወረቀቱን ጻፍኩላት፤ እሷም በምላሹ ከኋላ ሁለት ፓርኪንግ ለቀቀችልኝ። ደንበኞቼ «ጾም ነው፣ የት እንብላ?» ሲሉኝ ግድግዳውን በአውራ ጣቴ አሳያቸዋለሁ። ግማሽ ሲልቨር ስፕሪንግን እንደዚያ አበላሁ።

ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት እንዳለፈ፣ እማማን ነጠላቸውን አስለብሼ በፊት ለፊት በር ወሰድኳቸው። ወረቀቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ስድስት ወር ሙሉ በኋላው በር ሲገቡና ሲወጡ አይተውት አያውቁም። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ እማማ» አልኩ። ኩራት ነበረበት።

በሩን ከፈትኩላቸው፤ ገቡ፤ አንዴ በረጅሙ አሸተቱ። ደስ ብሏቸው ነው ብዬ ተደሰትኩ።

ለዶኛ ኢርማ እማማ አማቴ መሆናቸውን፣ ነገሩ ለእኔ ትልቅ ጉዳይ መሆኑን፣ የአገሯን ምግብ ሁሉ እንድታወጣ ነገርኳት፤ ያው የጾሙን። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ኩሽና ሮጠች።

መጀመሪያ የመጣው በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ቆሎ ነው። ቀላ ያለ፣ በደንብ የተቆላ። ጭብጥ ሙሉ ዘግኜ እንደ ወጉ አንዴ ወደ አፌ ወረወርኩት። ጨው አለው፣ ሎሚ አለው፣ ያቃጥላል። ደህና ቆሎ ነው። ሁለተኛውን ስዘግን እማማ ወደ ሳህኑ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ቆሎ ያየናል።»

አየሁት። እውነትም ያያል። እግርም አለው።

ዶኛ ኢርማ በሁለት ጣቷ ጠረጴዛው ላይ ዘለል ዘለል እያደረገች አስረዳችን። ፌንጣ ነው። የተጠበሰ ፌንጣ። የበላሁትን አንድ ጭብጥ በልቤ ለመቁጠር ሞከርኩና ተውኩት። ዋናው ነገር እማማ እንዳይደነግጡ ነው።

«ግድ የለም እማማ፣ ዮሐንስ መጥምቅም በልቶታል።»

«ዮሐንስ የበላው አንበጣ የሚባል የበረሃ ቅጠል ነው። አባ አስተምረዋል።» መነጽራቸውን እያወለቁ ጨመሩ፦ «ቅጠል ጉልበት የለውም።»

ሁለተኛው የቁልቋል ጥብስ ነበር። እሾሁ ተነቅሎ፣ በቁመቱ ተቆርጦ፣ በሽንኩርት።

«ይሄ አጥር አይደለም እንዴ?» አሉ እማማ።

«እነሱ ይበሉታል።»

«አጥሩን ከበሉት ከብቱን ምን ይከለክለዋል ታዲያ?»

ግን ቀመሱት። ደገሙትም። ልቤ ትንሽ ተረጋጋ። ቀጥሎ ትላዩዳ የሚሉት መጣ፤ የመሶብ ክዳን የሚያህል የበቆሎ ቂጣ፣ እንደ ድርቆሽ ኮሽ የሚል፣ ላዩ ላይ ቦሎቄ ተቀብቶ፣ ዳር ዳሩ ላይ አቮካዶ። ከአጠገቡ ሩዝ። ከሩዙ አጠገብ ሞሌ የሚባል ጥቁር ወጥ፣ ድንች ላይ የፈሰሰ። እማማ ወጡ ላይ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ቀረፋ አለው። ቅርንፉድ። ሰሊጥ። በርበሬው ሦስት ዓይነት ነው፤ አንዱ አርሯል፣ ሆን ብላ ነው ያሳረረችው። ደግሞ ልጆች የሚበሉት ጥቁር ጣፋጭ... ቸኮሌት!»

ተረጎምኩላት። ዶኛ ኢርማ ጮኸች። እማማን ግንባራቸውን ሳመች። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ኩሽና ጎተተችኝ፤ እንዲህ ያለች ሴት ላመጣላት ሰው ምስጢሯን ልታሳየው ነው። የቦሎቄውን ድስት ከፈተች። ከጎኑ ካለው ባልዲ በትልቅ ማንኪያ አንድ ነጭ ጉብታ ቆርሳ ቦሎቄው ውስጥ ጨመረች። ቅልጥ ብሎ ጠፋ። ሽታው ለአራት ዓመት የማውቀው ሽታ ነው።

ባልዲው ላይ አሳማ ተስሏል። አሳማው ይስቃል።

«ጾም ነው ብለሽኝ አልነበር?» አልኩ።

«ጾም ነው! ሥጋ የለም!»

«ይሄስ?»

«ይሄ ሞራ ነው» አለች በትዕግሥት፣ ለሕፃን እንደሚነገር። ሥጋና ሞራ ለእሷ ሁለት ነገር ናቸው። ሴትየዋ አልዋሸችኝም፤ ጾሟን እንደ እናቷ ትጾማለች። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ በትልልቅ ፊደል፣ በመስታወት ላይ።

ወደ ጠረጴዛው ስመለስ እማማ ከትላዩዳው ቆርሰው ይዘዋል። ብነግራቸው እሁድ ሻንጣው ይወርዳል። «የጾም ነው» ብሎ አሳማ ያበላኝ አማች ዘንድ ልቀመጥ የሚል ሰው አለ? ባልነግራቸው ደግሞ ሊጎርሱት ነው። የመርካቶ ሰው ሁለት መንገድ ሲዘጋበት ሦስተኛ ይፈልጋል፤ ሦስተኛው መንገድ በአፌ በኩል ነበር። እኔ እንደሆንኩ ቀድሞም ገድፌያለሁ፤ የገደፈ ሰው ሁለተኛ አይገድፍም ብዬ አሰላሁ። ይህ ስሌት ትክክል እንዳልሆነ በኋላ ተነግሮኛል።

«እማማ፣ ይሄኛው ጎን ጠንካራ ነው፤ ጥርስዎን ይጎዳል» ብዬ ከእጃቸው ወስጄ ጎረስኩት። ቁልቋል ጠቅልዬ አጎረስኳቸው። አኝከው ሳይጨርሱ የአቮካዶ ጉርሻ ደገምኩ። እጃቸው ወደ ሩዙ ሲሄድ ሩዙን በላሁት። ወደ ወጡ ሲዞሩ ወጡን በላሁት። እንደዚያ ስጣደፍ ያየችኝ ዶኛ ኢርማ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሁለተኛ ትላዩዳ ይዛ መጣች። በነጻ።

በዚህ መሀል የእማማ ስልክ ጮኸ። ኢንጂነሩ ነው። እማማ ስልክ ሲያወሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በስፒከር ነው፤ ጆሮ ላይ ሲለጠፍ ያተኩሳል ይላሉ።

«እማማ እንደምን ዋሉ! የት ነዎት?»

«ምግብ ቤት ነኝ፤ የሰብለ ባል ጋብዞኝ።»

«ማን? እሱ?» ድንጋጤውን ለመደበቅ ሳል ጨመረበት። «ምን እየበሉ ነው ታዲያ?»

«እኔ አጥር። እሱ ሌላውን።»

«አልሰማሁም?»

«እሱ ሁሉንም እየበላ ነው። ልጄ፣ ይሄ ሰው ቤቱ አይበላም እንዴ?»

አፌ ሙሉ ስለነበር ራሴን መከላከል አልቻልኩም። ዶኛ ኢርማ ሦስተኛውን አመጣች።

ስቶሬ ስንመለስ የሽሮ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩና ቀበቶዬን ፈታሁ። እማማ ከፊት ለፊቴ በርጩማ ስበው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣

«ሞራ መሆኑን መቼ አወቅህ?» አሉኝ።

«የቱ ሞራ?»

ትክ ብለው አዩኝ። ጉምሩክ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

«ኩሽና ስገባ። ባልዲውን አየሁት» አልኩ። «እርስዎስ?»

«በሩን ስንገባ።»

«ታዲያ እንዴት በሉት?»

«እኔ መች በላሁ? ከቂጣው ያልተቀባውን ዳር ቆርሼ ያዝኩ፤ ነጠቅኸኝ። ሩዙን የዶሮ መረቅ ነክቶታል፤ ወጡንም ነክቶታል። ሳህኑን ወዲያ ልገፋ እጄን ስሰነዝር እየቀደምክ ታነሣለህ። መጀመሪያ ልጄ ለሆዳም ተዳረች ብዬ አዘንኩ። በኋላ ፊትህን ሳየው የበላተኛ ፊት አይደለም። ታማሚ ነው የምትመስለው።»

«ለምን አልነገሩኝም እማማ?»

«ሴትየዋ የደከመችበት ገበታ ላይ ቁጭ ብዬ? ነውር አይደለም? ሽታውስ በግድግዳው ሲመጣ ስድስት ወሩ ነው፤ ለእነሱ የተፈቀደ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። አንተ ጽፈህ እንደለጠፍክበት ግን ዛሬ ነው ያየሁት። ትነግረኝ እንደሆን ብዬ ጠበቅሁ።»

አንገቴን ደፋሁ። «እሁድ ስለሚቆርጡ ፈራሁ። እንዳይሄዱብኝ ነው።»

«እኔ እንዳልሄድ ብለህ አሳማ በላህ?»

«ሦስት ትላዩዳ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና አስለቀስኳቸው ብዬ ከጆንያው ተነሣሁ። እየሳቁ ነበር። ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠርገው ፊታቸውን መለሱት።

«ነገ ለንስሐ አባትህ ትናገራለህ። ለጠየቀህ ደንበኛ ሁሉ ትናገራለህ። የእሁዱን እሁድ እናያለን።»

ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁ ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ ሦስቱም ደንበኞቼ ናቸው።

«አባ፣ ጾም ገድፌያለሁ።»

«ስንት ቀን፣ ልጄ?»

«አራት ዓመት። ረቡዕና ዓርብ።»

«ምን በላህ?»

«የአሳማ ሞራ።»

መስቀላቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «አውቀህ?»

«የመጨረሻዎቹን ሦስቱን አውቄ። የቀረውን ሳላውቅ፣ እዚያ የሜክሲኮዎች ምግብ ቤት።»

«የትኛው?»

«ከስቶሬ ጎን ያለው።»

«መስታወቱ ላይ 'የጾም አለ' የሚለው?»

«አዎ አባ።»

መስቀሉን ወደ ቀድሞው እጃቸው መለሱ። ከኋላዬ አንዷ ሴትዮ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ቦሎቄው ነው ሩዙ?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሁለቱም፣ አባ።»

«ሁለቱም።» ወደ ጣራው አዩ። «ያንን ወረቀት የጻፈው ማን ነው?»

የተሰጠኝን ስግደት ቁጥር አልናገርም። ሁሉም የእኔ ብቻ እንዳልነበረ ግን እጠረጥራለሁ። ስወጣ ለሦስቱ ሴቶች ቆሜ ነገርኳቸው። አንዷ ብቻ መለሰችልኝ፤ «እኔ እኮ ባሌን ሁሉ ወስጄዋለሁ» አለች፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ኢንጂነሩ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ ስቶሬ በር ላይ ቆመ። እማማ የሉም። ሻንጣቸውም የለም። በግድግዳው በኩል ሳቅ ሲሰማን ተከትለነው ገባን።

እማማ ዶኛ ኢርማ ኩሽና ውስጥ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው ድስት ያማስላሉ። አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አንድ ቃል አያውቁም፤ ሁለቱም ግን ያለማቋረጥ ያወራሉ። ቦሎቄው በዘይት፣ በቀይ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት እየበሰለ ነው፤ በርበሬው የእኛ ነው። በድስቱ እጀታ ላይ ከነጠላቸው ጥለት የተቀደደ ክር ታስሯል፤ የእኛና የእነሱ ድስት እንዳይቀላቀል። ባልዲው ጥግ ላይ ነው፤ አሳማው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

«እማማ፣ እንሂድ እንጂ» አለ ኢንጂነሩ። «ክፍልዎ ተዘጋጅቷል። ደረጃ የለ፣ ምን የለ።»

እማማ ማማሰያውን ሳያስቀምጡ መለሱለት።

«ተባረክ ልጄ። አንተ ቤት ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ እኔ ምን ልሠራ እመጣለሁ? ይሄን ግን ብቻውን ትቼው ብሄድ አገሩን ሁሉ ያስገድፈዋል።»

ኢንጂነሩ አየኝ። ቦሎቄ ጨልፌ አቀረብኩለት። ቂም የለኝም።

ወረቀቱን ልቀደው ስል እማማ ከለከሉኝ። በዚያው እጅ ጽሑፍ፣ በዚያው ፊደል ከሥሩ እንድጨምርበት አደረጉኝ። አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «የጾም አለ። እማማ ዘነበች አሽትተውታል።»

በሚቀጥለው ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት እንዳለፈ፣ አባ መስታወቱ ፊት ቆመው አየኋቸው። አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ግን አልገቡም፤ ወደ እኔ ስቶር መጡ። መስቀል ልሳለም ተነሣሁ። በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ ጆንያዎቹ እያዩ፣

«እማማ አሉ?» አሉኝ።